አፈራችሁ ውስጥ ያለውን ሕይወት እንዴት ትመረምራላችሁ? እንዴትስ ትመግባላችሁ?

ሁለት ጎረቤት ማሳዎች አሉ እንበል። የአፈር ዓይነታቸው አንድ ነው። ዘሩም ዝናቡም አንድ ነው። የላብራቶሪ ውጤታቸው ላይ የናይትሮጅን፣ የፎስፈረስና የፖታሲየም ቁጥሩ ይቀራረባል። አንደኛው ግን ዝናብ ሲጥል ውሃውን ይጠጣዋል። ሌላኛው ላይ ውሃው ይተኛል፣ ወይም አፈሩን ጠርጎ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ልዩነት ሲያጋጥም መልሱ ብዙ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የለም። አፈሩ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ተሕዋስያን ጋ ነው።

እነዚህን ተሕዋስያን ያለ ማይክሮስኮፕ መመርመር ይቻላል። መንከባከብም ይቻላል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል ለትንሽ ጓሮም ለሰፊ እርሻም ይሠራል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ አብዛኛው ማሳ ተሕዋስያን ከውጭ ተገዝተው እንዲመጡለት አያስፈልገውም። እዚያው አሉ። የሚጎድላቸው ምግብ፣ አየርና ዕረፍት ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማን ምን ይሠራል?

አንድ ግራም ጤናማ አፈር ውስጥ እስከ አንድ ቢሊዮን ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል። ዓይነታቸው በሺዎች ይቆጠራል። ከእነሱ ጋር ፈንገሶች፣ ፕሮቶዞዋዎች (ባለ አንድ ሕዋስ ጥቃቅን ፍጥረታት)፣ ኔማቶዶች (በዓይን የማይታዩ ክር መሰል ትሎች)፣ ጥቃቅን ነፍሳትና የመሬት ትሎች አሉ። ኔማቶድ ሲባል ብዙ ገበሬ ትዝ የሚለው ሥር የሚያበላሸው ነው። አብዛኞቹ ኔማቶዶች ግን ሰብል አይነኩም። ባክቴሪያና ፈንገስ እየበሉ ነው የሚኖሩት።

ይህ መበላላት ለሰብሉ ትልቅ ጉዳይ ነው። የባክቴሪያ ሰውነት ናይትሮጅን የበዛበት ነው። ፕሮቶዞዋ ወይም ኔማቶድ ሲበላው ከሚፈልገው በላይ ናይትሮጅን ያገኛል፤ ትርፉን በአሞኒየም መልክ ያስወጣዋል። ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒየሙን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። የሰብሉ ሥር ሁለቱንም ይወስዳል። ፍግና ገለባ ውስጥ ያለው አብዛኛው ናይትሮጅን ሰብሉ ጋ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። መጀመሪያ ፍጉ መበላት አለበት፣ ከዚያ በላተኞቹም መበላት አለባቸው።

ሁለተኛው ሥራቸው ግንባታ ነው። ጥሩ አፈር ግማሽ ያህሉ ባዶ ቦታ ነው፤ አየርና ውሃ የሚፈራረቁበት ቀዳዳ። ቀዳዳው የሚፈጠረው የአሸዋ፣ የደለልና የሸክላ ቅንጣቶች ተጣብቀው ፍርፋሪ ሲሆኑ ነው። ባክቴሪያዎች የሚያመነጩት የሚያዳልጥ ነገር ሙጫ ይሆናል። የፈንገስ ክሮች ደግሞ ፍርፋሪውን ጠቅልለው ይይዙታል። ተሕዋስያኑ ሲራቡ ሙጫው ይቀንሳል። ፍርፋሪው ዝናብ ሲመታው ይፈርሳል፣ ቀዳዳው ይደፈናል፣ ላዩ ላይ ቅርፊት ይሠራል።

ማይኮራይዛ የሚባሉት ፈንገሶች ለብቻቸው መጠቀስ አለባቸው። በየብስ ላይ ካሉት ዕፅዋት ከሁለት ሦስተኛ በላይ ከሚሆኑት ሥር ጋር ተቆራኝተው ይኖራሉ። ሥሩ የማይደርስበት ቦታ ድረስ ክራቸውን ዘርግተው ፎስፈረስ ያመጣሉ። ተክሉ በምላሹ ስኳር ይከፍላቸዋል። ተክሉ ከሥሩ የሚለቀው ስኳርና አሲድ ሌሎችንም ተሕዋስያን ስለሚጠራ፣ በሥሩ ዙሪያ ያለው ጠባብ ቦታ ከሌላው አፈር ይልቅ በሕይወት የተጨናነቀ ነው። ጀርመናዊው ሳይንቲስት ሎሬንዝ ሂልትነር በ1904 ይህን ቦታ ራይዞስፌር ብሎ ሰየመው።

ደረጃ 1፦ ያለውን እዩ

ምንም ከማድረጋችሁ በፊት ማሳችሁ አሁን የት እንዳለ እወቁ። አፈሩ እርጥበት ያለው፣ ግን ጭቃ ያልሆነበትን ጊዜ ምረጡ። ማሳው ላይ ሦስት ወይም አራት ቦታ ምልክት አድርጉ። አንድ ተጨማሪ ቦታ ደግሞ ለብዙ ዓመት ካልታረሰ ዳር፣ ከአጥር ሥር ወይም ከሣር ሜዳ ውሰዱ። ይህ የማነጻጸሪያ ቦታ ወሳኝ ነው። የእናንተ የአፈር ዓይነት ሳይረበሽ ቢኖር ምን ሊመስል እንደሚችል የሚያሳያችሁ እሱ ብቻ ነው። ሌላ አገር ያለ ጥቁር ለም አፈር ፎቶ አይጠቅማችሁም።

በአካፋ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የአፈር ጓል አውጡ። ሰፊ ላስቲክ ላይ አስቀምጡና በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። ወደ ትናንሽ ፍርፋሪ የሚከፈት ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ጡብ ጠርዝ ያላቸው ድፍን ጓሎች ወይም እንደ ወረቀት የተነባበሩ ንጣፎች ከታዩ አፈሩ ታምቋል። ሥሮቹንም ተከታተሉ። ቀጥ ብለው የወረዱ ናቸው ወይስ የሆነ ጥልቀት ላይ ሲደርሱ ወደ ጎን ታጥፈዋል? ከታጠፉ እዚያ ጋ የጠጠረ ንጣፍ አለ ማለት ነው። የመሬት ትሎችንም ቁጠሩ። በአንድ አካፋ ጓል 10 እና ከዚያ በላይ ትል ማግኘት ጥሩ ምልክት ነው። በጣም ደረቅ ወይም አሸዋማ ቦታ ላይ ግን ትል ማነሱ ብቻውን አያስደነግጣችሁ፤ እዚያ የማነጻጸሪያ ቦታችሁን እመኑ።

አሽትቱትም። የዝናብ ሽታ የምንለው ያ ደስ የሚል የአፈር ሽታ ጂኦስሚን ከሚባል ውህድ ይመጣል። የሚያመነጩት በዋናነት አክቲኖባክቴሪያዎች ናቸው። (በ1943 የተገኘው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ስትሬፕቶማይሲንም ከዚሁ ወገን ከሆነ የአፈር ባክቴሪያ ነው የመጣው።) የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው ግን አየር አጥቷል።

ቀጥሎ የጓል ሙከራ። ከላይኛው አፈር የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክሉ ጓሎችን ውሰዱ። ጥላ ውስጥ በደንብ አድርቋቸው። ወንፊት ላይ አድርጋችሁ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ አስገቧቸውና አምስት ደቂቃ ጠብቁ። ሳይፈርሱ የቆዩት ሙጫና ክር አላቸው። ወዲያው ፈርሰው ውሃውን ያደፈረሱት የላቸውም። ከሁሉም ሙከራዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። ወጪ የለውም፣ ውጤቱም ስለ ተሕዋስያኑ ሥራ በቀጥታ ይናገራል።

የውሃ ስርገት ሙከራ ደግሞ ይህን በማሳው ላይ ያረጋግጥላችኋል። 15 ሴንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቆርቆሮ ወይም ቱቦ ግማሹን ወደ አፈር አስገቡ። 450 ሚሊ ሊትር ውሃ አፍስሱበት። ይህ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዝናብ ማለት ነው። ከሰረገ በኋላ ያንኑ ያህል ውሃ ድገሙና ሁለተኛውን በሰዓት ያዙ። የመጀመሪያው አፈሩ ምን ያህል ደርቆ እንደነበር ስለሚነካው አያስተማምንም።

ጊዜ ካላችሁ የጥጥ ጨርቅ ቅበሩ። መቶ በመቶ ጥጥ መሆን አለበት። ከ5 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ አድርጉትና ቦታውን ምልክት አድርጉበት። ከሁለት ወር በኋላ አውጡት። ጥጥ ሴሉሎስ ነው፤ ተሕዋስያን ይበሉታል። ተበሳስቶ ወይም ክሩ ብቻ ቀርቶ ከወጣ ታች ሥራ አለ። ሙሉ ሆኖ ከወጣ አፈሩ ደርቆ ወይም ቀዝቅዞ እንደሆነ አስቡ። ካልሆነ ሕይወቱ ደክሟል።

ላብራቶሪ የምትሄዱ ከሆነ ማሳውን በዚግዛግ እየተጓዛችሁ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ናሙና ወስዳችሁ ደባልቁ። ከተለመዱት ንጥረ ነገሮች ጋር ፒኤች (የአፈሩን የአሲድነት መጠን) እና ኦርጋኒክ ካርቦን (ከዕፅዋትና ከእንስሳት ቅሪት፣ ማለትም ከኦርጋኒክ ቁስ የመጣውን ካርቦን) ጠይቁ። አንዳንድ ላብራቶሪዎች የአፈር ትንፋሽ ይለካሉ፤ ተሕዋስያኑ የሚያወጡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ካለ ጥሩ ነው።

ደረጃ 2፦ ቤቱን አስተካክሉ

ምግብ ከመስጠታችሁ በፊት መኖሪያው የሚኖርበት መሆኑን አረጋግጡ። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ፒኤች ከ6 እስከ 7.5 ባለው ውስጥ ይመቻቸዋል። ፈንገሶች አሲድ የተሻለ ይችላሉ። ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየም እየሟሟ ሥርን ይጎዳል፣ በጥራጥሬ ሥር ላይ ሆነው ከአየር ናይትሮጅን የሚሠሩት ባክቴሪያዎችም ይዳከማሉ። እንዲህ ከሆነ በምርመራው ውጤት መሠረት ኖራ ጨምሩ። በግምት አይሁን። የሸክላ አፈርና አሸዋማ አፈር የሚፈልጉት መጠን በጣም ይለያያል።

ውሃም እንደዚሁ ልክ አለው። ከአፈሩ ቀዳዳዎች 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ይዞ የቀረው አየር ሲሆን ተሕዋስያን በደንብ ይሠራሉ። ውሃ ሲተኛ ኦክስጅን ያልቃል። አንዳንድ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬትን መጠቀም ይጀምራሉ፤ ናይትሮጅኑ ጋዝ ሆኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል። የተከፈለበት ማዳበሪያ እንዲህ ይተናል። ውሃ የሚተኛበት ማሳ ካላችሁ ማጠንፈፊያ ቦዩ ከኮምፖስቱ ይቀድማል።

ደረጃ 3፦ መግቡ፣ ግን ሂሳቡን እወቁ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ስለሆነ ቀስ ብለን እንሂድ።

ተሕዋስያን ካርቦንም ናይትሮጅንም ይፈልጋሉ። ሰውነታቸው ውስጥ ለአንድ ናይትሮጅን 8 ያህል ካርቦን አለ። ከሚበሉት ካርቦን ግን አንድ ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነው ሰውነት የሚያደርጉት። የቀረውን ያቃጥሉትና ይተነፍሱታል። ስለዚህ የሚመቻቸው ምግብ ለአንድ ናይትሮጅን 24 ያህል ካርቦን ያለው ነው። የስንዴ ገለባ 80 ገደማ አለው። የእንጨት ፍቅፋቂ በመቶዎች ነው። ለጋ የጥራጥሬ ተክል ከ24 በታች ነው።

አሁን 1,000 ኪሎ ገለባ አፈር ውስጥ ቀላቀላችሁ እንበል። 400 ኪሎ ያህሉ ካርቦን ነው። ናይትሮጅኑ 5 ኪሎ ብቻ ነው። ተሕዋስያኑ ያንን ሁሉ ካርቦን ለመብላት 17 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይፈልጋሉ። የጎደለውን 12 ኪሎ ከየት ያመጣሉ? ከአፈሩ። ያውም ሰብሉን ቀድመው። ቡቃያው ይገረጣል፣ ሰውም «ገለባ አፈር ያበላሻል» ይላል። ገለባው አላበላሸም። ናይትሮጅኑ ለጊዜው ተሕዋስያኑ ሰውነት ውስጥ ተቆልፏል፤ እነሱ ሲሞቱና ሲበሉ ይመለሳል።

ስለዚህ ገለባን ከመዝራታችሁ ብዙ ሳምንት ቀደም ብላችሁ ቀላቅሉ። ወይም ከፍግ ወይም ከለጋ ጥራጥሬ ጋር አድርጉት። ከሁሉ የሚቀለው ላዩ ላይ መተው ነው። ላዩ ላይ ያለ ገለባ ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ከሥር አካባቢ ናይትሮጅን አይሻማም። ለጋ ነገር ብቻ መስጠትም ጉድለት አለው። በፍጥነት ይበላል፣ ናይትሮጅን ይለቃል፣ ግን ማሳው ቶሎ እርቃኑን ይቀራል። ሁለቱን ማቀላቀል ይሻላል።

ኮምፖስት ለማዘጋጀት ክምሩ ስፋቱም ከፍታውም ቢያንስ 1 ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ሙቀት አይይዝም። ደረቅና ቡናማ የሆነውን ከለጋውና ከፍጉ ጋር አፈራርቁ። ደረቁ በይዘት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይብለጥ። እርጥበቱን በእጃችሁ ጨብጣችሁ ለኩ፤ ጥቂት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው፣ ከፈሰሰ በዝቷል። ውስጡ በጥቂት ቀናት ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። ይህ ሙቀት ለብዙ ቀናት ሲቆይ አብዛኞቹን የአረም ዘሮችና በሽታ አምጪዎች ይገድላል። ከ70 ካለፈ ግን ጠቃሚዎቹም ይሞታሉና አገላብጡት። ሙቀቱ ሲወርድም አገላብጡ፤ ዳር የነበረው ወደ መሃል ይግባ። የአሞኒያ ሽታ ካለው ናይትሮጅኑ እየበነነ ነው፤ ደረቅ ነገር ጨምሩ። አገላብጣችሁትም ካልሞቀ፣ አፈር አፈር ከሸተተና የገባበት ነገር ካልተለየ ደርሷል።

ያልተብላላ ፍግ በጥሬው የሚበሉ አትክልቶች ላይ አታድርጉ። የግድ ከሆነ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ ቢያንስ 120 ቀን ቀደም ብሎ ይሁን።

ለሰፊ ማሳ ኮምፖስት ብቻውን አይበቃም። አንድ ሄክታር ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ለማልበስ 100 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። ይህን ማን ያመጣዋል? ያላችሁን ኮምፖስት በመስመሩ ውስጥ ወይም በጣም በተጎዳው ቦታ ላይ አድርጉት። የተቀረው ምግብ እዚያው ማሳው ላይ መብቀል አለበት።

ደረጃ 4፦ ሥር አይጥፋ፣ አፈሩም አይራቆት

በሁለት ሰብሎች መካከል ማሳው ባዶ የሚሆንበት ጊዜ ለተሕዋስያኑ የረሃብ ወቅት ነው። እርጥበት ካለ የሽፋን ሰብል ዝሩ። ጥራጥሬና ሣር ነክ ሰብል አንድ ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፤ አንዱ ናይትሮጅን ያመጣል፣ ሌላው ብዙ ሥር ይዘረጋል። በጣም ደረቅ አካባቢ ግን የሽፋን ሰብሉ ለዋናው ሰብል የተጠራቀመውን እርጥበት ሊጨርስ ይችላል። እዚያ ጉዝጓዝ ይሻላል።

ቢያንስ ከማሳው ገጽ 30 በመቶው በተረፈ ምርት ይሸፈን። ገለባው ለከብት የሚፈለግ ከሆነ ከፍ አድርጋችሁ እጨዱና ቃርሚያውን ተዉ፤ ከከብቱ የሚገኘውንም ፍግ ለማሳው መልሱ። አታቃጥሉ። ካርቦኑና አብዛኛው ናይትሮጅን በጭስ ይሄዳል።

ሰብል ስታፈራርቁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የጎመን ዘሮች፣ ሰናፍጭ፣ ቀይ ሥርና ስፒናች ከማይኮራይዛ ጋር አይቆራኙም። ከእነሱ በኋላ የተዘራ በቆሎ መጀመሪያ ላይ የፎስፈረስ እጥረት ሊያሳይና ቅጠሉ ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል። ፈንገሱ አጋር አጥቶ ስለቀነሰ ነው። ከረጅም ባዶ ወቅት በኋላም ይኸው ይታያል።

ደረጃ 5፦ ማረሱን ቀንሱ

እያንዳንዱ እርሻ የፈንገስ ክር ይበጥሳል። ተሸፍኖ የነበረውን ኦርጋኒክ ቁስም ለኦክስጅን ያጋልጣል። ተሕዋስያኑ ድንገት ይሯሯጣሉ፣ ናይትሮጅን ይለቀቃል፣ ሰብሉም ያምርበታል። ታርሶ የሚያምረው ማሳ ግን ከቁጠባው እየበላ ነው። በተደጋጋሚ ሲታረስ ቁጠባው ያልቃል።

ማረስ ማቆም ለሁሉም ይቻላል አልልም። አረም ከባድ ችግር ነው። ስለዚህ የምታርሱበትን ጊዜ በአንድ ቀንሱና እዩ። ወይም የሚዘራበትን መስመር ብቻ ክፈቱ። ጭቃ ሆኖ ሳለ ግን ፈጽሞ አትረሱ፣ ከብትም መኪናም አታስገቡ። አንድ ቀን የታመቀ አፈር ለመላላት ዓመታት ይፈጅበታል።

ደረጃ 6፦ ማዳበሪያና ኬሚካል በልክ

የፋብሪካ ማዳበሪያ የአፈር ጠላት አይደለም። የተራበ አፈር ላይ ሰብሉን ያጠነክራል፤ ጠንካራ ሰብል ደግሞ ብዙ ሥርና ገለባ ይተዋል። ችግሩ የሚመጣው ከልክ ሲያልፍ ነው። ፎስፈረስ ሲበዛ ተክሉ ለማይኮራይዛ ስኳር መክፈል ይተዋል። ናይትሮጅን ሲበዛ ጥራጥሬ ከባክቴሪያው ጋር መሥራት ይቀንሳል። አሞኒየም ያለበት ማዳበሪያ ለዓመታት ሲደጋገም አፈሩን አሲዳማ ያደርጋል። ከፀረ ተባይ መድኃኒቶች ውስጥ አፈርን በጋዝ የሚያጥኑት ጠቃሚውንም ጎጂውንም ሳይለዩ ይገድላሉ። ፀረ ፈንገስ ደግሞ ጠቃሚውን ከጎጂው ሁልጊዜ አይለይም።

ደረጃ 7፦ ሕያው ማዳበሪያ መቼ?

ከሚሸጡት ተሕዋስያን ውስጥ በእርግጠኝነት የምመክረው አንድ ነው፤ ለጥራጥሬ የሚሆነው ራይዞቢየም፣ ማለትም ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጅን የሚሠራው ባክቴሪያ። ያውም ሰብሉ በዚያ ማሳ ላይ ከዚህ በፊት ካልተዘራ ወይም ለረጅም ጊዜ ከቆየ። ባክቴሪያው ሰብል ይመርጣል። የሽምብራው ለአኩሪ አተር አይሠራም። የአተር፣ የባቄላና የምስር ግን አንድ ዓይነት ነው። እሽጉ ላይ የሰብሉን ስምና የአገልግሎት ጊዜውን እዩ። ከሙቀትና ከፀሐይ አርቁት። ዘሩን በትንሹ አርጥባችሁ ጥላ ውስጥ አሹት፣ በዚያው ቀን ዝሩት፣ ወዲያው አፈር አልብሱት። በፀረ ፈንገስ የታሸ ዘር ባክቴሪያውን ሊገድለው ይችላል።

ሲያብብ ጥቂት ተክሎችን ከነአፈራቸው ቆፍራችሁ አውጡ። ከነቀላችኋቸው እባጮቹ መሬት ውስጥ ይቀራሉ። እባጩን በጥፍር ክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ናይትሮጅን እየሠራ ነው። ነጭ፣ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ እየሠራ አይደለም።

ሌላ በጠርሙስ የሚሸጥ ነገር ለመሞከር ካሰባችሁ ግማሹን ማሳ ሳትነኩ ተዉ። ልዩነት ካላያችሁ ገንዘባችሁን ያዙ።

ደረጃ 8፦ በየዓመቱ ለኩ

ሙከራዎቹን በየዓመቱ በዚያው ወቅትና በዚያው ምልክት ላይ ድገሙ። ቀን፣ የአፈሩ እርጥበት፣ የትል ብዛት፣ የጓሉ ውጤት፣ ውሃ የሰረገበት ደቂቃ፤ ይህን በደብተር መዝግቡ። መጀመሪያ የሚለወጡት የላይኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር፣ ሽታውና የጓሉ ሙከራ ናቸው። የላብራቶሪው ኦርጋኒክ ካርቦን በጣም ዘግይቶ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለምን እንደሆነ በሂሳብ ማየት ይቻላል። የአንድ ሄክታር የላይኛው 20 ሴንቲ ሜትር አፈር 2,600 ቶን ያህል ይመዝናል። ኦርጋኒክ ቁሱን በ1 በመቶ ማሳደግ ማለት 26 ቶን ማጠራቀም ነው። ከምትሰጡት አብዛኛው ደግሞ ይተነፈሳል።

ስለዚህ ኦርጋኒክ ካርቦንን በየሦስት ወይም በየአራት ዓመቱ መለካት ይበቃል። በመሃል የጓሉና የውሃው ሙከራ ወደ ማነጻጸሪያው ቦታ ውጤት እየተጠጋ ከሆነ በያዛችሁት ቀጥሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ካልተንቀሳቀሰ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱና ፒኤችና ውሃ ማጠንፈፊያውን እንደገና ፈትሹ።